ለሴንጎዳን የተመታው ከበሮ

ኢሩላንዲን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። ቤታቸው ከቦዩ ማዶ ነው፤ የእኔ የቤተ መቅደሱ ጎዳና ላይ። የማውቀው ከበሯቸውን ነው። በመንደራችን ሰው ሲሞት ያለ ከበሮ አይሸኝም፤ ቆዳ መንካት ግን እንደ ርኩሰት ስለሚቆጠር የሚመቱት ከቦዩ ማዶ ያሉት ብቻ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ሚስታቸው ቬላይያማል ሞተች። ወደ ሬሳ ማቃጠያው የሚወስደው መንገድ በእኛ ጎዳና ያልፋል። በምርጫ ቀን የሁለቱም ሰፈር ድምፅ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የማዶ ሰው ሬሳ ግን ያረክሳል ተብሎ በጎዳናችን አያልፍም። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ከለከሉ። ቃሬዛውን የያዙት ጎረምሶች በሩዝ ማሳው ገቡ፤ ውሃው ወገባቸው ደረሰ። መሀል ላይ አንዱን አዳልጦት ቃሬዛው ዘመመ፣ የሟቿ ፀጉር ጭቃ ነካ። ኢሩላንዲ ከበሮው እንዳይርስ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ይከተሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማዶ ወጣቶች ለጎዳናው ሰው ከበሮ እንዳይመታ ተማማሉ።

በበጋው የማሳው ሁሉ ባለቤት ሴንጎዳን ሞተ። ልጁ ፓላኒቬል በሞተር ብስክሌት ቦዩ ድረስ መጣ። አልወረደም።

«አንተ ኢሩላንዲ፣ አባቴ አርፏል። ከበሮህን ይዘህ ና።»

የእህታቸው ልጅ ዳናሴካር ቀደማቸው። «የከበሮ ድምፅ ከስልክህ ክፈትለት። ስልክ አያረክስም፤ ምሳም አይጠይቅ።»

«አንተን ማን አናገረህ? ኢሩላንዲ፣ ነገ የማን ማሳ ላይ ነው የምትውለው? ሌላ ካለህ ንገረኝ።»

ሌላ አልነበራቸውም። «እመጣለሁ፣ ጌታዬ» አሉ።

ሞተሩ ከሄደ በኋላ የተባባሉትን የነገረኝ ዳናሴካር ነው።

«አጎቴ፣ አክስቴን በዚያ ጭቃ የተሸከምኳት እኔ ነኝ» አላቸው።

«ሚስቴ ነበረች» አሉት።

ከበሮው ከመመታቱ በፊት ቆዳው በገለባ እሳት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይወጠራል፣ ድምፁም ሩቅ ይሄዳል። የዚያን ቀን ለቀስተኛው መሀል ተቀምጬ የሰማሁት ግን እርጥብ ጨርቅ የሚደበደብ ነበር የሚመስለው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ፓላኒቬል። «ከበሮ ነው ፍራሽ የምትመታው?»

«ገለባው እርጥብ ነው፣ ጌታዬ። አልነድ አለኝ።»

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ሽኝት በዕድሜዬ አላየሁም» ብለው አጉረመረሙ። ሌላ መቺ አልተገኘም። ሴንጎዳን በዚያው በሞተ ድምፅ እስከ ማቃጠያው ሄደ።

በማግስቱ ፓላኒቬል ከሌላ መንደር ሠራተኛ አስመጣ፤ ኢሩላንዲ ማሳው ድርሽ እንዳይሉ ተነገራቸው። የማዶ ወጣቶችም ለሴንጎዳን መታህ ብለው አያናግሯቸውም። ዳናሴካር ሳይሰናበታቸው ቲሩፑር ከተማ ሄዶ ልብስ ፋብሪካ ገባ። እሳቸው አሁን ለሰው ፍየል ሣር ያጭዳሉ።

ባለፈው ሳምንት በጠዋት ቦዩ ዳር አገኘኋቸውና እንደምን አደሩ ተባባልን። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።

«ያኔ ለወራት ዝናብ አልጣለም ነበር። ገለባው እውነት እርጥብ ነበር?»

ማጭዳቸውን ድንጋይ ላይ መሳል ቀጠሉ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ፀሐዩ ሳይጠና ልሂድ» አሉና ተነሱ።