ፓርክዴል ላይ የጠበቁን አሰልጣኝ

ሳምንቱን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው መታጠቢያ ቤት ታይል ሳነጥፍ ስለምሰነብት፣ ሐኪሙ ቅዳሜን ተኛበት ይለኛል። ማን ሊተኛ! ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካለው ፎቃችን ሥር ቦርጫም አበሾች ኳስ የምንራገጥበት ሜዳ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰውና የቸርች ሰው በአንድ ላይ የሚሰለፈው እዚያ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ኳሷ ከመስመር እስክትወጣና ክርክር እስኪነሳ ድረስ ነው።

አሰልጣኛችን ሆላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያው ፎቅ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አገራቸው ፕሮፌሽናል የግራ ተከላካይ ነበሩ። ዝነኛ አልነበሩም፣ ዝነኞቹን ግን ጠልፈው ጥለዋል፤ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። በወጣትነታቸው ለአንድ የቶሮንቶ ቡድን ሊጫወቱ መጡ። ቡድኑ ሲፈርስ ባዶ እጅ መመለሱን ጠሉና እዚሁ ቀሩ። ከተማው መሀል ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይተው ቤት ቀለም እየቀቡ ኖሩ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ። አንዲት ልጃቸው ያለችው ቫንኩቨር ነው።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ የመጡት ሊሰድቡን ነው። ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ ጥሬ እንደተበተነላቸው ዶሮዎች ሁላችሁም ወደ ኳሷ ትሮጣላችሁ አሉን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊሽካ ይዘው ገቡ። አባባ አልናቸው፣ እሳቸውም ወደዱት።

ምላሳቸው አይምርም። በረኛ ለመሆን እምቢ የሚለውን ዲያቆናችንን ቦርጭህ ካንተ ቀድሞ ይደርሳል አሉት። የእኔን ግራ እግር ደግሞ አውቶቡስ ለመሳፈር ብቻ የተሰጠ ነው ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ሌላ ሰው ቢለው ቂም እይዝ ነበር። ከእሳቸው ሲመጣ ግን ያሳርፈኝ ነበር፤ የልባቸውን ለማወቅ አማላጅ መላክ አያስፈልግም።

ከፋሲካ ወዲህ ነገር ተበላሸ። አሁን የነገሩንን መልሰው ይነግሩናል። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ያሰልፋሉ። አንድ ቀን ጭራሽ በረኛ ሳይመድቡ ፊሽካውን ነፉ። ዲያቆኑ ድምፁን ሳያሰማ ጓንት አጥልቆ ግቡ ውስጥ ቆመ። እኛም ቦታችንን በጥቅሻ አስተካክለን ተጫወትን።

መኪና ማቆሚያው ጋ ተሰብስበን ተንሾካሾክን። አንዱ ልጃቸውን ኮል እናድርጋት አለ፤ ማንም አላደረገም። ትልቅ ሰው ተሳሳትክ አይባልም፣ ነውር ነው ተባባልን። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቅህ አለኝ። ስለሚፈሩት ነገር አጫውተውኝ ነበራ። በልጅነታቸው ኳስ በገመድ ተሰቅሎላቸው እስኪመሽ በቴስታ ይመቱ ነበር፤ ያ የቆዳ ኳስ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ነው። የቡድን ጓደኞቻቸው በዚያ ጦስ አንድ በአንድ፣ ልጆቻቸውን እየረሱ ሞተዋል። እንደዚያ ከመሆን ሁለቱም እግሮቼ ይቆረጡ ይሉ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ጨዋታ ስንጨርስ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ፓርክዴል ነው አሉን። እኛ ፓርክዴል ተጫውተን አናውቅም። እርስ በርስ ተያየንና በአንድ አፍ «እሺ አባባ» አልን። እስከዚያ ይረሱታል ብለን ነው።

አልረሱትም። በሳምንቱ ዝናብ እየጣለ ሜዳችን ላይ ጠበቅናቸው፤ ቀሩ። በራቸውን ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ያን ጊዜ ነው የድሮ ሰፈራቸው ሄደው እየጠበቁን እንደሆነ የገባኝ። ታኬታዬን ሳላወልቅ መኪና ውስጥ ገብቼ ወደ ፓርክዴል ነዳሁ። ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘግቶ ስቆም፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ ጥሩንባ ነፋሁ። የተናደድኩት በገዛ እሺታችን ነው።

ፓርክዴል አንድ መናፈሻ ውስጥ አገኘኋቸው። የልምምድ ኮኖቹን በመስመር ደርድረው፣ ኳሶቹን በመረብ ይዘው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በስብሰው ተቀምጠዋል። የት ነበራችሁ ብለው አልጠየቁኝም።

«ለምን እሺ አላችሁኝ?» አሉ።

ስለ አገራችን ወግ፣ ስለ ትልቅ ሰው ክብር ማስረዳት ጀመርኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምሳሳተው?»

«ከፋሲካ ወዲህ» አልኩ።

የኳሶቹን መረብ መሬት አስቀመጡ። «ስጫወት ከቡድን ያስወጣኝ አሰልጣኝ ሁሉ ፊት ለፊት ነግሮኛል» አሉ። «እናንተ ግን ሳትነግሩኝ አስወጣችሁኝ።»

አፈርኩ። በራሴም፣ በዲያቆኑም፣ በጨዋነታችንም ተናደድኩ። ኮኖቹን ስለቅም ዝናቡ ባይኖር እንባዬን ያዩብኝ ነበር። መኪና ውስጥ ሁለት ነገር አስማሉኝ። አንደኛው፣ ሲሳሳቱ እዚያው በሰው ፊት እንድነግራቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከሜዳ የሚቀሩበት ቀን ሲደርስ ከልጃቸው ሳይሆን ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለት ሰው ግራ መስመር ላይ አሰለፉ። ሰዉ እንደ ልማዱ በጥቅሻ ሊከፋፈል ሲል እጄን አነሳሁ።

«አባባ፣ ተሳስተዋል» አልኩ።

ዲያቆኑ እናቱን የሰደብኩበት ይመስል አፈጠጠብኝ። እሳቸው ትንሽ አሰብ አድርገው አስተካከሉ፣ ከዚያም የግራ እግሬን ነገር አንስተው ልኬን ነገሩኝ። እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አሁን ስህተታቸው በየሳምንቱ ይጨምራል። እኔም ኳሷን ትቼ አፋቸውን ስጠብቅ ግብ ይገባብናል። ባለፈው ቅዳሜ ከሜዳ ስንወጣ ክንዴን ያዙና «ቀኑ ደርሷል?» አሉኝ።

ፊታቸውን እያየሁ ገና ነው አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።