አባቴ፣ ክኒኑና ሲጋራው

አባቴ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ የነበራቸው መካኒክ ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ እንደያዛቸው ሲነገራቸው ብዙም አልደነገጡም፤ የደነገጡት ነርሷ "ሲጋራውን ዛሬውኑ ያቁሙ" ስትላቸው ነው።

"ክኒኑ ሲጋራ አይወድም?" አሏት።

"ክኒኑ ሳይሆን ሳንባዎ ነው የማይወደው። በሽታው ያቆሰለውን ጭሱ እንዳይድን ያደርገዋል፤ ተህዋሱም ከአክታዎ ቶሎ አይጠፋም።"

አባቴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የሰሙ መስሎኝ ነበር።

በየጠዋቱ ነርሷ ፊት ክኒኑን ይውጣሉ፤ አንድ ቀን አላጓደሉም። ከጤና ጣቢያው ወጥተው ጋራዥ እስኪደርሱ ግን አንዷን ለኩሰው ይጨርሳሉ። ፓኮውን ደበቅኩ፤ ከሱቅ ገዙ። ባለሱቁን ለመንኩ፤ ከሾፌሮች ተቀበሉ። አባትን አንቱ እያሉ መቆጣት ደግሞ አይሆንም። "እባክዎን አባዬ" ብሎ የተጀመረ ቁጣ የት ይደርሳል?

ሁለት ወር ሲሞላቸው አክታቸው ተመረመረ። ተህዋሱ አሁንም አለ። ነርሷ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ እንዳይሆን ሰግታ ናሙናውን ወልድያ ላከችው፤ አልተላመደም።

"ያጨሳሉ እንዴ?" አለቻቸው።

"እኔ? ከተውኩት ሰነበትኩ!" አሉ። ፓኮው ከሸሚዛቸው ኪስ አንገቱን አስግጓል። ነርሷ እኔን አየች፤ እኔ መሬት አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ዘንድ ደረሰ። የቻለ ወደ ደሴ ሸሸ። አባቴ ጥቂት ተራምደው ስለሚያለከልኩ እኛ በጋሪ ግራና የምትባል ትንሽ ከተማ፣ እህታቸው ቤት ገባን። ነርሷ አስቀድማ ያስያዘችን ክኒን ሊያልቅ ሲል፣ ከመርሳ የመጣች ሴት ጤና ጣቢያው እንደተዘጋ፣ ነርሷ ግን እዚያው እንዳለችና የበሽተኞቿን መድኃኒት ቤቷ እንዳሸሸች ነገረችን። ሲነጋ ተነስቼ በእግሬ ሄድኩ። ተኩስ በሰማሁ ቁጥር ማሽላ ውስጥ እየተሸጎጥኩ ደረስኩ። ነርሷ ከአልጋዋ ሥር ካለው የጤፍ ጆንያ ውስጥ የአባቴን ክኒን አውጥታ ሰጠችኝ።

"ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ መቼም አሁን ሲጋራ ከየት ያመጣሉ?" አለች። በዚህ ተጽናንቼ ተመለስኩ።

ስደርስ አባቴ የሉም። አክስቴ "ልቀበላት ብሎ ወጣ" አለችኝ። ፍለጋ ስወጣ፣ እኔ ከመጣሁበት በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ገበሬ ደግፏቸው ሲመጡ አየኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጋቢያቸው ላይ ሲስሉ የተፉት ደም አለ፣ በጣታቸው መሀል ግማሽ ሲጋራ ይዘዋል።

"ሲጋራ ያለው ሰው አለ ቢሏቸው እኛ መንደር ድረስ መጡ እኮ። እንዴት እንደደረሱ አላህ ነው የሚያውቀው" አለኝ ገበሬው።

"አንተ!" አልኩ። አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም። "ለመድኃኒት ሲሆን እግርህ አይሄድም፤ ለጭስ ሲሆን አገር ታቋርጣለህ! እኔ በጥይት መሀል ያመጣሁልህን ታቃጥለዋለህ?"

አክስቴ ከደጃፉ ሆና ሰምታ አፏን ያዘች። አባቴ ግን አልተቆጡም። የቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና "ስትዘገዪብኝ ፈራሁ ልጄ። ስፈራ ደግሞ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም" አሉኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። እኔስ አልፈራሁም?

ያን ቀን ተዉት ብል እዋሻለሁ። የተዉት ከሳምንት በኋላ፣ ሳላቸው ጋደም ማለት ሲከለክላቸው ነው። ቀሪዋን ሲጋራ አፍርሰው በተኑና ቆሎ አምጪልኝ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን አይነሳ። ወጡ ጨው በዛው፣ ዶሮዋ ጮኸች፣ በሩ ተንኳኳ እያሉ ሁላችንንም አስለቀሱን። ራሴ ሲጋራ ፈልጌ ልሰጣቸው የቃጣኝ ቀን ነበር።

ጦርነቱ ከአካባቢው ሲርቅ መርሳ ተመለስን። ጋራዡ ውስጥ አንድ መፍቻ እንኳ አልቀረም። ሕክምናው ካሰብነው በላይ ቢረዝምም አክታቸው ንጹሕ ሆነ፤ ነርሷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ትንፋሻቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬም የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ።

አሁን ደግሞ ሾፌር ባዩ ቁጥር ይሰብካሉ። "ሲጋራ ይዞ ለሳንባ ነቀርሳ መታከም፣ ቁስልን እያከኩ መድኃኒት መቀባት ነው!" ይላሉ፣ ነገሩን ራሳቸው የደረሱበት ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አይደለም እንዴ?" ይሉኛል።

"ነው አባዬ" እላለሁ። ምን ይባላል?