በቦሌ ደሴት ዙሪያ፣ በብስክሌት

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ውጭ አገር ሄዶ አንድ ደሴት በብስክሌት ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምሳ በበላን ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ባሕር ያሳየናል። ባሕሩ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ነው፤ ቁምጣውም አንድ ነው። እኔም ሐኪም ሆዴን አይቶ እንቅስቃሴ ስላዘዘልኝ ብስክሌት የገዛሁት በዚያው ሰሞን ነበርና ነገሩ ከነከነኝ። አገራችን ባሕር የላትም። ደሴቱን ግን ከቤቴ መስኮት አገኘሁት።

አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የምንኖረው ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማዶ ያለው ቦሌ ሚካኤል ለአሞራ ቅርብ ነው፤ ለሰው ግን መሻገሪያ የለውም። መንገዱ ሁሉ አጥሩ ጋ ይደርስና ይታጠፋል። ከተማው ዙሪያውን ይጓዛል፣ መሀሉ ላይ የሚያርፈው ከሩቅ የመጣ ብቻ ነው። ደሴት ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤቴ ስለ ደሴቱ ግድ አልነበራትም። የእሷ ችግር ብስክሌቱ ነው። ታች እንዳናቆመው ይሰረቃል፤ ደረጃው ላይ እንዳናቆመው ጎረቤት ይቆጣል፤ ስለዚህ ሳሎን ውስጥ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆሟል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፔዳሉ ቁርጭምጭሚት ይመታል። እኔ ደግሞ ከዳቦ ቤት አሳልፌ ነድቼው አላውቅም። በመጨረሻ ተዋዋልን፦ አውሮፕላን ማረፊያውን አንድ ዙር ከዞርኩ ብስክሌቱ ሳሎን ውስጥ ይኖራል፤ ካልዞርኩ ለወንድሟ ይሰጣል።

«ታክሲ ላይ ከጫንከው አለቀ» አለችኝ። «እየገፋህ ከመጣህም አለቀ። መግፋትማ እኔም እገፋዋለሁ።»

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የጥምቀት ማግስት። ምክንያቴ የሙያ ነበር። ጥምቀትን ለዓመታት ዘግቤያለሁ፤ ለእኛ ለጋዜጠኞች በዓሉ የሚያልቀው ዜናው ሲላክ ነው። በማግስቱ እኔ ስተኛ ባለቤቴ እናቷ ሰፈር ትሄዳለች። ከተማው ደክሞት ስለሚውል መንገዱ ባዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ቀኑን ስትሰማ ያለ ክርክር ተስማማች። አንድ ባለሥልጣን እንዲህ ቶሎ ቢስማማልኝ ተጨማሪ ጥያቄ እጠይቀው ነበር።

ጠዋት በጎሮ በኩል ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድኩ አስፋልቱ አለቀና አቧራው ተረከበኝ። በስተደቡብ ያለው የደሴቱ ዳርቻ ሞገድ የለውም፤ ያላለቁ ፎቆች፣ በመካከላቸው የጭድ ክምር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ መንገዱ የእኔ ነው ብላ የቆመች ላም አሉ። አውሮፕላን በላዬ ላይ ሲወርድ ጎማው ባርኔጣዬን የሚነካኝ እየመሰለኝ አንገቴን እቀብር ነበር። ላሟ ቀና ብላም አላየችው።

አጥሩ ጥግ ቆሜ ውሃ ስጠጣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣና ምን ፈልጌ እንደቆምኩ ጠየቀኝ። አውሮፕላን ማረፊያውን እየዞርኩ ነው አልኩት። አጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቁምጣዬን አየ።

«ሰው እዚህ የሚመጣው ለመግባት ነው» አለ። «ለመዞር የመጣ አይቼ አላውቅም። ማን ልኮዎት ነው አባት?»

«ሐኪም።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እግዜር ይማርዎት ብሎ ድንጋይ የሌለበትን መንገድ አሳየኝ።

ቡልቡላን አልፌ ቦሌ ሚካኤል ስቃረብ ጉልበቴ ከእኔ ጋር መነጋገር አቁሟል። ደግነቱ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀኝ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀለም የተቀባ፣ ከብስክሌት ይልቅ ፎቶ የሚነሳ ሰው የሚበዛበት። ሳሎኑ የእኔ ሆነ ብዬ ስደሰት ከበሮ ሰማሁ።

የጥር ሚካኤል ነው። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ብቻ ሁልጊዜ ተኝቼ ስለሚያልፍ መንገድ እንደሚዘጋ አላሰብኩም። አስፋልቱ በነጭ ልብስ ተሞልቷል። በታቦት ፊት ብስክሌት እየነዳ የሚያልፍ ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ቦሌ ሚካኤልን በሰላም አያልፍም። ወረድኩና ዳር ያዝኩ። ውላችን መግፋትን እንጂ መቆምን አይከለክልም። እስኪያልፍ እቆማለሁ፣ ከዚያ እነዳለሁ።

የሰፈሩ ወጣቶች ከታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ደግሞ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ወደ ፊት ይሮጣሉ። ተመሳሳይ ቲሸርት ከለበሱት አንዱ ላቡን እየጠረገ ብስክሌቴን አየ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሳይክል ሥራ ፈትታ ነው የቆመችው?»

መልስ ሳልሰጥ ጥቅሉ ምንጣፍ ከመቀመጫው እስከ መሪው ተጋደመ። «በሉ ይግፏት» አለኝ። በታቦት ፊት ስለ ባልና ሚስት ውል ማስረዳት ይከብዳል። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ገፋሁ። ምንጣፉ ሲነጠፍ ሌላ ጥቅል ይዘው ይጠብቁኛል። እንዲህ እያመላለስኩ እልልታው መሀል ዞር ስል ባለቤቴን ከእናቷ ጋር አየኋት፤ የእናቷ ሰፈር እዚሁ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ጸሎት አልነበረም፤ እየሳቀች ነው።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገናኘን።

«ስትገፋ አየሁህ» አለች።

ገፍቻለሁ። እስከ ታቦቱ ድረስ ነድቼ መጣሁ፣ ከዚያ ወዲያ የገፋሁት አይቆጠርም፣ ዙሩም አልተዘጋም አልኳት። ማስተባበያ የማወጣበት ነገር አልነበረም።

በዚህ መሀል አማቴ ጎንበስ ብለው የብስክሌቱን መቀመጫ ተሳለሙ። ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጥኩበትን ማለት ነው። ላስጠነቅቃቸው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይህንን ነው ለወንድምሽ የምትሰጪው?» አሏት ቀና ብለው። «የሚካኤልን ምንጣፍ የተሸከመውን? እሱ እንደሆነ መጠጥ ቤት በር ላይ ነው የሚያቆመው።»

ባለቤቴ ብስክሌቱን ተመለከተች። መንገዱ እንደሚዘጋ እያወቀች ዝም ያለችበት ወጥመድ ራሷን እንደያዛት የገባት ያኔ ይመስለኛል።

«ሳሎን ይቁም» አለች። «ግን ዞርኩት ብለህ ለአንድ ሰው ብታወራ ለወንድሜ ነው።»

ወደ ቤት የተመለስነው ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን ነው። ባልደረባዬ ምሳ ላይ ባሕሩን ሲያወጣ አሁንም ዝም ብዬ እበላለሁ። እቤት ደግሞ ፔዳሉ የእንግዳ ቁርጭምጭሚት ሲመታ ባለቤቴ ይቅርታ መጠየቅ ትታለች። በረከት ነው ትላለች።