የመታጠፊያው ቄጤማ

ባለፈው የበዓል ዋዜማ ልጄ ከጦር ኃይሎች ፌርማታ አንድ እቅፍ ቄጤማ ገዝታ መጣች። ገና በሩን ሳታልፍ ሽታው ቀደማት፤ ያ የወንዝ ዳር ጭቃና የእርጥብ ሣር ሽታ። ሳሎኑን ጎዝጉዛ ስትጨርስ እንዳይጠወልግ ውሃ ላርከፍክፍበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም የእናቴ አመል ነው ብላ ትታዋለች። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ኮልፌ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ጋራዥ ጋር በቆርቆሮ አጥር ይዋሰን ነበር። የጋራዡ ባለቤት በሥራ ቀን የሰው መኪና ይጠግናል፣ በውድድር ቀን ደግሞ የራሱን ትንሽ የጣሊያን መኪና ይነዳል። ሰፈሩ «ተወዳዳሪው» ይለው ስለነበር እኔም እንደዚያው ልበለው።

ተወዳዳሪው ቁጡ ነበር። ሰው ሲሞት ሁሉም መልአክ ስለሚያደርገው ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። አንድ ብሎን አልፈታ ካለው ካቻቢቴውን ይወረውረዋል፤ ካቻቢቴውም አጥሩን ዘሎ የእናቴ ጎመን ላይ ያርፋል። ብዙም ሳይቆይ በራችን ይንኳኳል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጄ ነው» ይላታል። እናቴም ካቻቢቴውን አጥባ ትመልስለታለች። ነገሩ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚሆን ስለነበር በመጨረሻ ጎመኑን ወደ ሌላው ጥግ አዛወረችው።

በውድድር ላይ ደግሞ ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሲሸነፍ ይስቃል፣ ሲያሸንፍ ይኮሳተራል። አንደኛ በወጣ ቀን ሰዉ በትከሻው ሊሸከመው ሲጋፋ፣ እሱ ማንንም ሳያይ መኪናውን ይዞራል። ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳርፎ ሙቀቱን ይለካል፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል። አንድ ጊዜ ከፊቱ የነበረው መኪና ጎማው ፈንድቶ ስለቀረ አንደኛ ወጣ። የተሸለመውን ዋንጫ ቤቱ አላስገባውም፤ ጋራዡ ውስጥ የብሎን ማስቀመጫ አደረገው። ደጋፊዎቹ በዚህ ተቆጥተው ብዙ ቀን አኮረፉት። ጋራዡ በር ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ብቻ ነበር «እሱ እንዲህ ነው» ብሎ የተወው።

በአንድ ነገር ግን አይቀልድም ነበር፤ በፍሬን። ረዳቶቹ ሞተር ያውርዱ፣ ማርሽ ይፍቱ፣ ግድ የለውም። ፍሬን ግን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ሠርቶም ራሱ ነድቶ ሳይሞክረው መኪናውን ለባለቤቱ አያስረክብም። ከመርካቶ ድረስ ባለታክሲዎች ፍሬን ለማሠራት እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። ስሙም እንጀራውም ፍሬን ነበር ማለት ይቻላል።

እኔና ጓደኛዬ ደጋፊዎቹ ነበርን። ጓደኛዬ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነበረች፤ ሁለታችንንም ሴት ልጅ የመኪና ውድድር ምን ያደርግላታል የማይለን ሰው አልነበረም። ስለ መኪና ምንም አናውቅም። የምናውቀው የእሱ መኪና ገና ከአየር ጤና በኩል ሲመጣ ድምፁ ከሌሎቹ እንደሚለይ ነበር፤ ሳል ያለበት ሰው እየሮጠ የሚመጣ ይመስል ነበር። በወፍጮ ቤቱ የሚሠራው ወጣት ውድድሩን ሁሉ በቃሉ ይዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርክልን ነበር። እህሉ እስኪፈጭ ድረስ እሱን እየሰማን እንቆማለን፣ ዱቄት ለብሰን እንመለሳለን።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጅማ ተነስቶ ጦር ኃይሎች ላይ የሚያበቃ ውድድር ተዘጋጀ። አንደኛ ለሚወጣው ሰው አንዱ መኪና አስመጪ አዲስ መኪና እንደሚሰጠውና ናይሮቢ ድረስ ልኮ እንደሚያወዳድረው ተነገረ። ተወዳዳሪው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። ከእንግዲህ ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል እንደማይመጣለት እሱም ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል። ያን ሰሞን ካቻቢቴው በቀን ሁለቴ አጥሩን ይሻገር ጀመር።

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ሰው አገር አቋርጦ ሲመጣ በባዶ አስፋልት መቀበል ነውር መሰለኝ።

«ሙሽራ ሲገባ ቄጤማ ይጎዘጎዝለት የለ?» አልኳት ጓደኛዬን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቀራኒዮ በታች ወዳለው ወንዝ ወርደን ቄጤማ አጨድን። እጃችን ተሰነጣጠቀ፣ ቀሚሳችን እስከ ጉልበት ጭቃ ሆነ። በጀርባችን ተሸክመን አምጥተን እኛ ግቢ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። በማግስቱ እሑድ ፖሊሶቹ መድረሻው አጠገብ ስላላስጠጉን፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎዘጎዝነው። ሰው አይቶን አለፈ፤ አንዲት ሴትዮም «እሰይ፣ የኔ ልጆች» ብላ መረቀችን። በደስታ ቀን መሬት ላይ ቄጤማ ማየት ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም።

ፀሐዩ ሲበረታ ቄጤማው ይጠወልግ ጀመር። ጓደኛዬ ሮጣ ከአንድ ቤት በጣሳ ውሃ ለምና መጣች። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ አርከፈከፈችበት። ሐሳቡ የእኔ፣ ውሃው የእሷ ነው፤ ማናችን የበለጠ እንዳጠፋን እስከዛሬ አልተስማማንም።

ያ ሳል ያለበት ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ብቻውን ነበር፤ ከኋላው ማንም አልነበረም። ሰዉ መጮህ ጀመረ። ትንሿ መኪና አቧራ ለብሳ ብቅ አለች፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ከዚያ ግን ጎማዎቿ መዞራቸውን ትተው እንዲሁ መንሸራተት ጀመሩ። ስትሄድ ድምፅ አልነበራትም። እኔ እስከዛሬ የማስታውሰው ይህንን ነው፤ ያን ያህል ሰው እየጮኸ መኪናዋ ዝም ብላ በጎኗ ሄዳ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ከዳር ያለውን ባሕር ዛፍ መትታ ቆመች።

ከእሱ በኋላ የመጡት መኪናዎች የሰዉን ግርግር ሲያዩ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ አልፈው ሄዱ። አንደኛ ባይሆን ኖሮ እሱም እንደነሱ ያልፍ ነበር።

ሰዎች ጎትተው አወጡት። ቀኝ እግሩ መሆን በሌለበት በኩል ታጥፎ ነበር። አልጮኸም። አስፋልቱን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየን። ጓደኛዬ ባዶውን ጣሳ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። አንድ የፖሊስ አዛዥ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀው። የመለሰለትን መልስ በቅርብ የነበርን ሁሉ ሰምተናል።

«ፍሬኑ ነው። በደንብ አላጠበቅሁትም።»

ቄጤማው በሰዉ እግር ተረጋግጦ ከጭቃ ጋር ተደባለቀ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ናይሮቢ ሌላ ሰው ሄደ። ተወዳዳሪው ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝቶ በከዘራ ወጣ። ጋራዡን ሲከፍት ከመርካቶ የሚመጡት ባለታክሲዎች አልተመለሱም። «ለራሱ ያልያዘ ፍሬን ለእኔ ሊይዝልኝ ነው?» ይሉ ነበር፤ ይህን የወፍጮ ቤቱ ወጣት እያዘነ ሲናገር እኛ ጆንያችንን ይዘን ቆመን እንሰማለን። ጓደኛዬ እንንገር ስትል እኔ እፈራለሁ፤ እኔ ስቆርጥ ደግሞ እሷ ትፈራለች። እንዲህ እየተፈራረቅን ዓመት አለፈ። ፈሪዎች ነበርን፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከዚያ ወዲያ ካቻቢቴ አጥራችንን ዘሎ አያውቅም። እናቴ አንድ ቀን ጎመኗን እየኮተኮተች «ያ ሰውዬ አሞታል እንዴ? መቆጣቱን ተወው» አለች። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፣ የመኪና ውድድርም ቀረ። እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ ተዳርኩ። ግቢያችን ዳስ ተጥሎ፣ እንደ ደንቡ ከበሩ ጀምሮ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ከባሌ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እንግዳው እየገባ ሳለ ተወዳዳሪው በከዘራው ተደግፎ ከዳሱ አፍ ደረሰና ቆመ። መሬቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየለካ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝና ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለኝ፤

«እዚህ ላይ እንኳ በአንደኛ ማርሽ ነው የምሄደው።»

ፊቱን ሳየው እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ሲስቅ የማውቀው የተሸነፈ ቀን ነው። ጋሼ ብዬ ልጀምር ስል ከኋላው ያለው እንግዳ ገፋው፤ እሱም አልፎ ተቀመጠ። እኔ ዕንባዬ ወረደ። ሙሽራ ስታለቅስ ደግሞ ማንም ምን ሆነሽ አይልም፤ አክስቶቼ ከእናቷ ቤት መለየቱ ከብዷት ነው ብለው መሐረብ ሰጡኝ።

እንግዲህ ያውቅ ነበር። ማወቁን ካወቅሁ በኋላም ቢሆን ለሰው አልተናገርኩም። ይቅር ያለኝ ሰው አለ ብዬ ተኛሁበት። ስሙ ግን እዚያው እንደወደቀ ቀረ፤ ይህንን በደንብ እያወቅሁ ልጆቼን አሳደግሁ።

ተወዳዳሪው ያረፈው አምና ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የድሮ ደጋፊዎቹ በአንድ አግዳሚ ተሰብስበው ተቀምጠው ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ጋቢ ለብሶ ሸምግሏል፤ ጎሚስታውም ጆሮው ከብዶታል። ስለ ዋንጫውና ስለ ብሎኖቹ፣ ስለ ቁጣው እያነሱ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ እንደተለመደው የጅማው ውድድር ላይ ደረሱ።

«ምን ያደርጋል፣ ፍሬኑ ከዳው እንጂ» አለ የወፍጮ ቤቱ ሰው።

ጓደኛዬ ከጎኔ ነበረች። እጄን ያዘችኝ። በዚህ ጊዜ ማናችንም ተራ አልጠበቅንም፤ እኔ ቀድሜ ተናገርኩ እንጂ እሷም አፏን ከፍታ ነበር።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አልኩ። «መታጠፊያው ላይ ቄጤማ የጎዘጎዝነው እኛ ነን። ውሃም አርከፍክፈንበታል።»

የሟቹ ልጅ ሻይ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ጎሚስታው ነገሩን እንዲደግሙለት ጆሮውን ሰጠ፤ ሲደግሙለት ራሱን ነቀነቀ።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ጎማው ጥርስ ውስጥ የገባውን ቄጤማ በጣቴ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ልናገር ብዬ ሆስፒታል ብሄድ ተቆጣኝ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ያደረጉት ነው፣ ብትናገር ከጋራዤ በር አባርርሃለሁ አለኝ።»

የወፍጮ ቤቱ ሰው ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። ይቆጣናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሚገባንም ቁጣ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣

«ፍሬኑ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነበር።»

«ራሱ እንዳጠበቀው?»

«ራሱ እንዳጠበቀው።»

ለጎሚስታው ጆሮ እንዲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ውድድሩን እንደገና ከጅማ ጀመረው። ጊቤን አሻገረው፣ ወልቂጤን አሳለፈው፣ ሰበታ ላይ ከሁሉም አስቀደመው። የሟቹ ልጅ ሻዩን አስቀምጣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። እኔና ጓደኛዬ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ሰማነው። ስንት ጊዜ የሰማነው ታሪክ ነው፤ አሁን ግን ቁልቁለቱ ሁሉ ላይ ፍሬኑ በደንብ ይይዝ ነበር።