ባየች፣ የሙሴ ኔሎ እርሻ እንግዳ

ባየችን እናቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት። ያሳደገችኝ ግን እሷ ናት። ለእኔ ብላ ያን ሁሉ ዘመን በሰው ቤት እንግዳ ሆና የተቀመጠችውም እሷ ናት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፤ የረሳሁት ካለ ደግሞ ዘመኑ አረሳስቶኝ ነው።

ኔሎ የሚባለው ጣሊያን አባቴ ነው። ጦርነቱ አልቆ ወገኖቹ ሲሄዱ እሱ ቀረ። ከሂርና ወደ አሰበ ተፈሪ ሲመጡ፣ ከዋናው መንገድ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ትንሽ እርሻ አቀና። አሰበ ተፈሪ ያልኩት ዛሬ ጭሮ የሚባለውን ነው፤ አፌ አልለምድ ብሎኝ ነው። ቡና ነበረው፣ ጥቂት ወይን፣ ቲማቲም፣ የወተት ላሞች፤ ከጓሮ ደግሞ አሳማ። እናቴ ሣህሊቱ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ስትሆን ባየች የልጅነት ጓደኛዋ ነበረች።

ባየች ወደ እርሻው የመጣችው እኔ ስወለድ ነው፤ አርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መሆን አለበት። ባሏን ፈትታ ተሻለ ከሚባል ወንድሟ ቤት ተቀምጣ ነበር። አራስ ልትጠይቅ፣ እናቴ እስክትጠና ልትሰነብት፣ በገመድ የታሰረች የእንጨት ሳጥን ይዛ ከካሚዮን ወረደች። በረንዳው ዳር ያለው የእንግዳ ክፍል ተሰጣት።

ባል የሌላት ሴት ፈረንጅ ቤት ሰነበተች መባሉ አልቀረም። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ሰማንያ ቀኔ ደርሶ ሂርና ቤተ ክርስቲያን ስወሰድ ክርስትና እንድታነሣኝ ባየችን ለመነቻት። አበልጅ ከሆንን ማን ምን ይላል፣ አለቻት አሉ። እውነቷን ነው። የልጅ ክርስትና እናት ለልጁ አባት እህት ማለት ናት፤ በእህት ማን ይታማል? ባየችም እፎይ አለች። እኔን ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ራሷን ቀና አድርጋ ነበር ይላሉ።

አባቴ ቃሉን ወደደው። ቡናው መሐል ሆኖ «አበልጄ!» እያለ ሲጣራ ከታች መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

የዚያኑ ክረምት እናቴ ደረቷን ታመመች። መንገዱን ናዳ ዘግቶት ስለነበር ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ ሞተች። እኔ ገና ዳዴ አልጀመርኩም።

ባየች አርባዋን ላውጣና እሄዳለሁ አለች። ከዚያ ልጅቷ ጥርስ ታብቅል አለች። ከዚያ ደግሞ እግር ታውጣ። እኔ እግር አውጥቼ ስሮጥ እሷ እዚያው ነበረች። ግን ከእንግዳ ክፍሏ አልወጣችም። አባቴ የጓዳውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥላት፣ የባለቤት ነው ብላ ሳትነካው ታልፋለች። ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አንዲት ቀሚስ እንኳን አልሰቀለችም። ልብስ ስትፈልግ የሳጥኗን ገመድ ትፈታለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ነገ የሚሄድ ሰው ሳጥን ነበር የሚመስለው።

ከጓዳው ጣራ የአሳማ ጭን ተንጠልጥሎ ይደርቅ ስለነበር እሷም፣ የሠራተኞቹ አለቃ በክሪም በሥሩ አያልፉም። በዚያ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ፎርማጆውን ጀርባውን ሰጥቷት ነበር የሚበላው፤ ስታየው የሚያስጎመጃት መስሎት ነው። በክሪ ደግሞ በቀልድ አያስቀምጣትም።

«ባየች፣ በኛ ሐዲስ እንግዳ ሦስት ቀን ነው። አንቺ ስንት ረመዳን ሆነሽ?»

«የኔ ሦስት ቀን ረጅም ነው» ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እሱ ዞር ሲል ፊቷ ወዲያው ይለወጥ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

አንዴ ተሻለ ሊወስዳት መጣ። አጥናፉ የሚባል ከመንዝ የመጣ አስተማሪ ለትዳር ጠይቋት ነበር። ባየች፣ ልጅቷ አብራኝ ከመጣች እሺ አለች። አባቴ ልጄን ለማንም አልሰጥም አለ። ተሻለ እህቱን ይዞ ለመሄድ ወደ ክፍሏ ሲገባ እኔ ሳጥኑ ላይ ጉብ ብያለሁ። አልወርድም አልኩ። ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ቢያሳየኝም አልወረድኩም።

«እንግዲህ ከነሳጥኑ እንጫናት» አለ ተሻለ። አባቴ አልሳቀም። ባየች ሁለቱንም አየችና አንሥታ አቀፈችኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። አስተማሪው ወደ መቻራ ተዛውሮ እዚያ ሌላ አገባ መባሉን በኋላ ሰማን።

ወጥታ እንዳታገባ እኔ አለሁ። እዚያው እንዳታገባ ክርስትናው አለ። ይህ ሁለተኛው እንደሚያስጨንቃት የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ የማርያም ቀን ከቅዳሴ በኋላ እኔን እጄን ይዛ የንስሐ አባቷን ከዛፉ ሥር ስታነጋግር ትዝ ይለኛል። ስለ ማን እንደምትጠይቅ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁ። ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸው ላይ ተደገፉና፦

«ልጄ፣ ጋብቻ ቢሆን ሽማግሌ ይፈታዋል። ክርስትናን ማን ይፈታዋል?» አሏት።

ስንመለስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ካሚዮኖች ወደ ሐረርም ወደ አዲስ አበባም ያልፋሉ። ደከመሽ ወይ ብላት፣ አቧራው ይለፍ ብዬ ነው አለችኝ። አቧራው አልፎም አልተነሣችም።

ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል፣ የቲማቲም ወቅት ነበር። በረንዳው ላይ በትልቁ ድስት ሳልሳ ይፈላል፤ አባቴ ያማስላል፣ ባየች ጠርሙስ ታጥባለች፣ እኔ ቡሽ እለቅማለሁ። አባቴ ማማሰያውን ሳይለቅ፣ ቀና ብሎም ሳያያት ተናገረ።

«አበልጄ፣ እስከ መቼ እንግዳ ትሆኚያለሽ? ድሬዳዋ የኛ ቄስ አለ። እሱ ያጋባናል።»

ባየች የያዘችውን ጠርሙስ አጥባ ጨርሳ ደፋችው።

«የእርስዎ ቄስ እርስዎን ያጋባል፤ እኔን ማን ያጋባኛል? ይችን ልጅ ያነሣሁ ለት እህትዎ ሆኛለሁ።»

«ይህን ማንም አልነገረኝም።»

«ሣህሊቱ ታውቅ ነበር።»

አባቴ ማማሰሉን አቆመ። ድስቱ ከሥሩ መያዝ ጀምሮ ይሸተኛል፤ ግን ማንም አላወረደውም።

«ምናልባት ብትጠይቂ…» አለ።

«ጠይቄአለሁ፤ አይፈታም» አለችው። «እርስዎ ሳይጠይቁኝ በፊት ጠይቄአለሁ።»

አባቴ ያኔ ነው ቀና ብሎ ያያት። ከዚያ ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ትቶ ወደ ወይኑ ሄደ። ባየች ድስቱን ብቻዋን አወረደችው።

እናቴ አውቃ ይሆን ያን ያደረገችው? አንዳንዴ ይመጣብኛል። ባሏ ከጓደኛዋ ጋር ሲስቅ አይታ፣ በሩን ገና ማንም ሳያንኳኳው ዘግታው ይሆን? ወይስ እንዳለችው ከሐሜት ልትጋርዳት ብቻ? ባየችን አንድ ቀን ብጠይቃት፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ ብላ ቆጣ አለችብኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።

ከሳልሳው ቀን በኋላ አባቴ አበልጄ ብሎ መጣራቱን ተወ። ሲፈልጋት እኔን ይልከኛል። ጠረጴዛ ላይ ጨው አቀብይኝ እንኳን በእኔ በኩል ሆነ። ቤቱ ጠበበን። ባየች ክፍሏ ውስጥ እየቀረች ሄደች፤ በክሪም ስለ ሦስት ቀን መቀለዱን አቆመ፤ አንድ ነገር ሳይገባው አልቀረም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ እርሻውን ለአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ሸጠ። ጣሊያን ያለው ወንድሙ ና ብሎታል። የእኔ ነገር ግን ሳይነሣ ቀናት አለፉ። ባየች አትጠይቅም፤ ምን ብላ ትጠይቅ? ሚስት አይደለች፣ ሞግዚት አይደለች። እንግዳ ደግሞ የቤት ልጅ ይዞ አይሄድም። እህል በአፏ አልዞር አለ። እኔም ነገሩን ስለሰማሁ እንደ ድሮው ሳጥኑ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ እንኳን።

በመጨረሻ አባቴ ራሱ ወደ እንግዳው ክፍል መጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን ደፉን አልፎ አያውቅም፤ አሁንም አላለፈም፤ ከበሩ ቆመ።

«በናንተ ቤተ ክርስቲያን እናቷ አንቺ ነሽ፤ አይደል?»

«ነኝ።»

«ያ አይፈታም ብለሽኛል።»

«አይፈታም።»

«እንግዲያው ውሰጃት» አለ። ከዚያም፦ «እኔ አገሬ ወስጄ ለማን እሰጣታለሁ?»

ባየች ቁጭ አለች፤ አልጋው ላይ አይደለም፣ መሬት። አባቴ ኮፍያውን ሲያዟዙር ቆየና ሄደ።

ካሚዮኑ ላይ ሳጥናችንን የጫነልን በክሪ ነው። «ሦስት ቀንሽ አለቀ» አላት፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅሮ ነበር። መኪናው ሲነሣ ከላይ ከቡናው መሐል «አበልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ ዞርኩ፣ እጄንም አወዛወዝኩ። ባየች ፊት ፊቷን ነበር የምታየው፤ የእኔን ቀሚስ ጫፍ ግን ጨምድዳ ይዛው ነበር።

አሰበ ተፈሪ ከገበያው በስተጀርባ አንድ ክፍል ተከራየን። ሳልሳ እያፈላች ለምግብ ቤቶች ትሸጥ ነበር፤ ያንን ከአባቴ ተምራዋለች። ሳጥኑ ግን መጀመሪያ ሰሞን እንደታሰረ ነበር። ልብስ ታወጣና መልሳ ታስራለች። ጎረቤታችን ረዲያ ትኩስ ቂጣ ይዛ እንኳን ደህና መጣችሁ ልትለን ስትገባ ሳጥኑን አይታ፣ እንግዳ ነሽ ወይስ ልትቀመጪ ነው የመጣሽው ብላ ጠየቀቻት።

ባየች እንደለመደችው እንግዳ ነኝ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመዱ ከሳጥኑ ላይ የለም። ደጃፉ ላይ፣ ከጣራው ማገር እስከ ረዲያ አጥር ድረስ ተወጥሯል። የእኔ ቀሚስና የእሷ ነጠላ ታጥበው ተሰጥተውበታል፤ ውኃው ገና ይንጠባጠባል።