የአልማዝ ድድና የእኔ ዝምታ

ይህ ነገር የገጠመኝ በ1980ዎቹ ማብቂያ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። በክህነት ዘመኔ ብዙ ጉባኤ ላይ ቆሜ አስተምሬአለሁ፤ ምላሴ እንደዚያ ቀን የታሰረበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። ያሰረውም የሌላ ሰው ድድ ነው። ስለዚህ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ባለታሪኳ «ይጻፉት አባ፤ ሌላዋም ትማርበት» ብላ ፈቅዳልኛለች። ሆኖም የምጽፈው በንስሐ የነገረችኝን ሳይሆን በሐኪም ቤት ወንበር ላይ በገሃድ የተናገረችውን ብቻ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አልማዝ የንስሐ ልጄ ናት። ሲኤምሲ አካባቢ ከባለቤቷ ከግርማ ጋር ትኖራለች። ግርማ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ አሰብ ይመላለስ ነበር። ጋብቻቸው በማዘጋጃ ቤት የተፈጸመ ሲሆን፣ በቅዱስ ቁርባን ሊያጸኑት ተስማምተው እኔም ደስ ብሎኝ ቀን ቆርጬላቸው ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ግን የአልማዝ ድድ ይደማል። ዳቦ ብትገምጥ ይደማል፣ ውኃ ብትጉመጠመጥ ይደማል። ከአፉ ደም የሚወጣ ሰው ደግሞ ወደ ቁርባን አይቀርብም። አንድ ጊዜ አስተላለፍን፤ ደግመን አስተላለፍን። በዚህ መካከል የግርማ እናት ወይዘሮ አስካለች ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ።

«ድድ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀው። «በቁርባን ከታሰረች መፍታት እንደሌለ ታውቃለች። አንድ እግሯን ከደጅ አድርጋ ነው ልጄን የያዘችው።»

ይህንኑ ለልጃቸውም ነግረውት ኖሯል። ግርማ እናቱን ማመን አልፈለገም፤ አለማመንም አልቻለም። ከአሰብ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ከሚስቱ ጋር መጫወት ትቶ ዝም ብሎ እራቱን በልቶ ይተኛ ጀመር። ትዳሩ ከእጃችን ሊያመልጥ መሆኑ ስለገባኝ አልማዝን ወደ ጥርስ ሐኪም እንድትሄድ አዘዝኋት።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም» አሉ ወይዘሮ አስካለች። ሁለቱን ብቻቸውን መላክ ስለፈራሁ እኔም ተከተልሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ዝናብ ሲጥል አድሮ ጉርድ ሾላ ስንወርድ ጭቃው ጫማችንን ሊያስቀርብን ይታገል ነበር። ክሊኒኩ ከአንድ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ በላይ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ሰይድ የወሎ ልጅ ናቸው፤ ገና ወጣት፣ ፈገግታ የማይለያቸው። ጥምጣሜን ሲያዩ ብድግ ብለው ተቀበሉኝና ከወንበሩ አጠገብ አቆሙኝ። ወይዘሮ አስካለች ሳይጋበዙ በማዶ በኩል ቆሙ።

ዶክተሩ አልማዝን አጋድመው መብራት አበሩባት፤ በሁለቱም ጉንጮቿ ጥጥ ሞሉባት፤ ትንሽ መስታወትና አንድ ሹል ብረት ይዘው ገቡ። ጥቂት አዩና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ነፍሰ ጡር ናት?»

ወይዘሮ አስካለች ጊዜ አላባከኑም። «እልልልልል!» አሉ። ደጅ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም ምኑንም ሳያውቁ አጨበጨቡ።

«እናቴ፣ ጠየቅሁ እንጂ አልመሰከርሁም!»

«ሐኪም ያለ ነገር አይጠይቅም!»

አልማዝ ጥጥ እንደ ጎረሰች «ኧ-ኧ! ኧ-ኧ!» እያለች ራሷን ነቀነቀች። ዶክተሩ ይህን አይተው ቀጠሉ።

«እሺ፤ የወር አበባዋስ በጊዜው ይመጣል?»

እልልታው ቆመ። ወይዘሮ አስካለች ከአልማዝ ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ አባን ይጠይቋቸው። ከእርሳቸው የምትደብቀው የላትም።»

ዶክተር ሰይድ የእኛን ሥርዓት ከየት ያውቁታል? በቅን ልቡና ወደ እኔ ዞረው «እህ፣ አባ?» አሉ።

ወገኖቼ፣ እኔ ዜማ ተምሬአለሁ፣ ቅኔ ተቀኝቻለሁ፣ በመጻሕፍት ትርጓሜ ወንበር ሥር ጎልማሳነቴን ጨርሻለሁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያስተማረኝ መምህር ግን አልነበረም። አውቃለሁ ብል የንስሐን ምሥጢር መግለጥ ነው። አላውቅም ብል፣ ምናልባት ውሸት ነው። መልሱን አውቀው እንደነበረና እንዳልነበረም ዛሬም ቢሆን አልናገርም። ዝም አልሁ።

አልማዝ ዓይኗን አፍጥጣ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ልጄ ተጨንቃ ቡራኬ ፈለገች ብዬ መስቀሌን አውጥቼ ወደ ከንፈሯ አቀረብሁላት።

«አባ! ብረቴ አፏ ውስጥ ነው!» ብለው ጮኹ ዶክተሩ። ለካ እርሷ እጇን የዘረጋችው ጥጡን ለመትፋት ከጎኔ ያለውን ሳሕን ፈልጋ ነው።

ወይዘሮ አስካለችም ጣታቸውን አነሡ። «አያችሁ! አባ ዝም አሉ። የሚሸሸግ ነገር ባይኖር ይናገሩ ነበር። ይህንኑ ለልጄ እነግረዋለሁ!»

ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ልጄን ልጠብቅበት ያልሁት ዝምታ ምስክር ሆኖባት ቆመ። ዛሬ ማታ ግርማ ከአሰብ ይገባል፤ እናቱ ደጅ ላይ ተቀብለው «አባም መመለስ አቃታቸው» ሊሉት ነው።

«ዶክተር፣ ልጄ» አልሁ፤ «ጥጡን አውጣላት። ድዱም የእርሷ ነው፣ ምላሱም የእርሷ ነው።»

ዶክተሩ ሣቅ አሉና አወጡላት። «እውነትዎን ነው፤ እኔም መጀመሪያ እርሷን ነበር መጠየቅ ያለብኝ። እናቴ፣ እርስዎም ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቢጠብቁን።»

«የለም! ይቁሙልኝ፣ ይስሙልኝ!» አለች አልማዝ ቀና ብላ። «የወር አበባዬ ጠፍቶ ይከርማል፤ ሲመጣ ደግሞ አልሄድ ይላል። አገጬ ላይ ፀጉር እየበቀለ በወረንጦ ስነቅል ነው የምውለው። ጥርሴንም መፋቅ ከተውሁ ሰነበትሁ። ስፍቀው ይደማል፤ ከደማ አልቆርብም። ለመቁረብ ብዬ ነው የተውሁት እማማ! ልጅዎን ልፈታው ብፈልግማ ኖሮ ለመፍታት ድድ ምን ያደርግልኛል?»

 የወይዘሮ አስካለች እጅ ቀስ እያለ ወደ ገዛ አገጫቸው ወጣ።

«ወረንጦ አልሽ?» አሉ በለሆሳስ። «ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ? እኔስ ግርማን እስክወልድ ድረስ በስንት ስእለት ነው የኖርሁት!»

ዶክተር ሰይድ አስረዱን። ሆርሞን የሚባሉ በደም ውስጥ እየዞሩ የሰውነትን ሥራ የሚያዝዙ ንጥረ ነገሮች አሉ። የሴት ሆርሞን ሲዛባ ድድም አብሮ ሊቆጣ ይችላል፤ ሌላዋን ሴት ብዙም የማይጎዳ ጥቂት ቆሻሻ እርሷን ያሳብጣታል፣ ያደማታል። በእርግዝና ጊዜ ድድ የሚያብጠውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጥርሷን ማጽዳት መተዋ ደግሞ አባብሶታል።

ከዚያ ጥርሷን አጠቡላት፤ በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ እንድታጸዳ አሳዩዋት፤ ደሟን እንድትመረመር ወደ ሴቶች ሐኪም ላኳት። በመጨረሻ መጉመጥመጫ መድኃኒት ሲሰጧት ወይዘሮ አስካለች ዘለው ገቡ።

«ረቡዕ እኮ ነው! ጾሙ ገና አልተፈታም!»

«ትትፋው እንጂ አትዋጠው» አልሁ። የዚያን ቀን ያለ ጭንቀት የመለስሁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ስንመለስ በታክሲው ውስጥ እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ። አማትና ምራት ከኋላ ሆነው እስከ ሲኤምሲ ድረስ ስለ ወረንጦ ዓይነት ተከራከሩ። ማታም ግርማን ደጅ ላይ የተቀበሉት እናቱ ናቸው፤ «ሚስትህ ታማለች እንጂ አልከዳችህም፤ ነገ መንገድህን ትተህ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አሉት።

የሴቶች ሐኪሙም ሆርሞኗ መዛባቱን አረጋግጠው መድኃኒት ሰጧት። በአንድ ቀን አልተሻላትም፤ ክረምቱ አለፈ። በወርኃ ጽጌ ግን ግርማና አልማዝ ነጭ ለብሰው ወደ መቅደስ መጡ፤ ቅዱስ ሥጋውን ያቀበልኋትም እኔ ነበርሁ። አፏን ስትከፍት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔ ድዷ ላይ አረፈ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነበር፤ ጤነኛ። ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ አስካለች እልል አሉ፤ ይህኛው እልልታ በቦታው ነበር።

ዛሬም ድዷ እየደማ ከቁርባን የቀረች ሴት ስትመጣ ጸሎቴን አልነፍጋትም፤ ነገር ግን ጥርሷን ማጽዳት እንዳትተው መክሬ ወደ ሐኪም እልካታለሁ። «አብረውኝ ይምጡ አባ» ካለችኝም እሄዳለሁ፤ እስከ ደጁ ድረስ። ከዚያ ወዲያ አልገባም።