ሻላ ዳር የተተከለው የዕድር ድንኳን

ወይዘሮ ጀማነሽ የተናደዱት ገና ሜክሲኮ፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ሀብተሥላሴ «አንዴ እንኳ እንሰብሰብ» ብለው ሻላ ሐይቅ ዳር የአዳር ሽርሽር አዘጋጁ። ወይዘሮ ጀማነሽም ይሁን ብለው፣ ከል ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የሚታሰረውን ሲያዩ ግን ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ ይሄ የለቅሶ ድንኳናችን አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጀሚዬ። ማለቴ፣ የሽርሽር ድንኳን ትንንሽ ነው፣ ሁላችንን አይችልም። ሸራ ሸራ ነው በቃ!»

«ሸራ ሸራ ነው!» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ለመስኮቱ።

ያንን ሸራ ሲያጥቡ፣ የተቀደደውን ሲጠቅሙ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ለሠርግ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞስ የሸራው ነገር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ባለቤታቸው ጋሽ ወዳጆ ያረፉት ባለፈው ክረምት፣ አዲሱን ሰፈር ገና ሳይለምዱት ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፤ ሰው የለም። ከቀብር መልስ ሁሉም «መንገዱ ራቀን፣ ታክሲ የለም» እያለ ቀረ። ለቅሶ ማለት አብሮ መቀመጥ አይደለም? ለወዳጆ ማን ተቀመጠለት? ዛሬ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሟል። ሻላ ቀረባቸው!

ሐይቁ ዳር ደርሰው ድንኳኑ እንደተተከለ ጎረቤቱ በቁምጣ ወደ ውሃው ተንጋጋ። ሙዚቃው አገሩን አናወጠው። ወይዘሮ ጀማነሽ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጡ።

«እማማ ጀሚ፣ ኑ ፎቶ እንነሳ! ቫይቡ እኮ ሌላ ነው!» አለች የጎረቤት ልጅ ሔለን።

«ቫይቡን ሄደሽ ለወዳጆ ንገሪው!»

ጥቂት ቆይቶ በአቅራቢያው ካለው መንደር በኩል ሰዎች ብቅ አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ትልቅ ድንኳን፣ በሩ ላይ ከል የለበሰች ሴት፣ ሌላ ምን ሊመስላቸው ኖሯል? ውሃው ዳር ያለውን ሙዚቃ የሌላ ሽርሽረኛ አድርገውታል። ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲት ሴት ይዛ የመጣችውን ወተት አኖረች። ከመካከላቸው አቶ ደጋጋ የተባሉ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እህቴ። ማን ነው ያረፈብሽ?»

አቶ ሀብተሥላሴ ውሃ እያንጠባጠቡ ሮጠው ደረሱ። «ኧረ አባቴ፣ ለቅሶ አይደለም! እኛ ለሽርሽር...»

«ባለቤቴ ነው» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «ወዳጆ ይባላል።»

ከዚያ ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ዞሩ።

«ምን ይገትርዎታል? የማያውቁት ሰዎች በእግራቸው መጥተው ተቀምጠውለታል። እርስዎስ፣ ዛሬም መንገዱ ራቀዎት?»

አቶ ሀብተሥላሴ ፎጣቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ከአቶ ደጋጋ ጎን ቁጭ አሉ። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ፀጉሩ እንደራሰ፣ አንድ በአንድ እየገባ ተቀመጠ።

«ሔለን! ያንን ጩኸት ዝጊውና ነይ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፤ ንዴታቸው ገና አልበረደም። ከዚያ ወደ አቶ ደጋጋ ዞረው ወዳጆ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ያወሩ ጀመር፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ።